የሪጄኔሬቲቭ ሜዲስን የክረምት ፕሮግራም ለመግባት እንዴት ትዘጋጃላችሁ?

የተጎዳ የሰውነት ክፍልን መልሶ ስለማሳደግና ስለመጠገን የሚያጠናው ሕክምና ሪጄኔሬቲቭ ሜዲስን ይባላል። የሃይስኩል ተማሪዎችን ክረምት ላይ ዶርም አስገብተው ይህንኑ የሚያስተምሩ ፕሮግራሞች አሉ።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን መርምሩ። ተማሪው ላብራቶሪ ገብቶ በእጁ ይሠራል ወይስ ቆሞ ያያል? ካልተጻፈ ኢሜይል ልካችሁ ጠይቁ። የዕድሜ ገደቡን፣ ክፍያውንና ስኮላርሺፕ መኖሩንም አብራችሁ አጣሩ። ቀነ ገደቡ ብዙ ጊዜ ክረምቱ ከመድረሱ ከወራት በፊት ስለሆነ እንዳትዘናጉ።

ከዚያ ትንሽ አንብቡ። ሁሉን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። የጃፓናዊውን ሳይንቲስት የሺንያ ያማናካን ሥራ ብቻ በደንብ ብትረዱት ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከአይጥ የተወሰዱ ተራ ሴሎች ውስጥ አራት ጂኖች አስገብቶ፣ እንደ ፅንስ ሴል ወደ ማንኛውም ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችሉ አደረጋቸው። በ2007 በሰው ሴል ደገመው። በ2012 ከእንግሊዛዊው ሳይንቲስት ከጆን ገርደን ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ዋናው ፈተና ግን ድርሰቱ ነው። «ሰዎችን መርዳት ስለምፈልግ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ መቼም የማይለው የለም። ይልቅ የሚከነክናችሁን ጥያቄ ይዛችሁ ቅረቡ። ለምሳሌ የሕፃን ልጅ ጣት ጫፉ ላይ ቢቆረጥ፣ የጥፍሩ ሥር ካልተነካ አጥንቱ ጭምር መልሶ ሊያድግ ይችላል። ዝቅ ብሎ ከተቆረጠ ግን የለም። ጥፍሩ ምን ስለሚያደርግ ነው? እንዲህ ያለ ጥያቄ ጥሩ ውጤት ከሞላበት ትራንስክሪፕት የበለጠ ይናገራል ባይ ነኝ።

የድጋፍ ደብዳቤውን ጠንቅቆ የሚያውቃችሁን መምህር ጠይቁ። ሁለት ቀን ሲቀረው ሳይሆን በጊዜ።

ካለፋችሁ የሚቀረው እጅን ማሠልጠን ነው። መጀመሪያ የሚያስይዟችሁ ማይክሮፒፔት (በጣም ጥቂት ፈሳሽ ለክቶ የሚቀዳ መሣሪያ) ሳይሆን አይቀርም። አዝራሩ ሁለት ማቆሚያ አለው። እስከ መጀመሪያው ተጫኑ፣ ጫፉን ፈሳሹ ውስጥ አስገቡ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ፈሳሹን ስታወጡ እስከ ሁለተኛው ተጫኑ። ስትቀዱ እስከ ሁለተኛው ከተጫናችሁ ከመጠን በላይ ይገባል። ድንገት ከለቀቃችሁ ደግሞ አየር ይገባና ልኬቱ ይበላሻል።

ሴሎቹ የሚያድጉት 37 ዲግሪና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለው ኢንኩቤተር ውስጥ ነው። ምግባቸው ብዙ ጊዜ ሮዝ ፈሳሽ ነው። ቢጫ ከሆነ አሲድ በዝቶበታል፦ ወይ ሴሎቹ ተጨናንቀዋል፣ ወይ ባክቴሪያ ገብቷል። ደፍርሶ ካያችሁት ሁለተኛውን ጠርጥሩ። ስለዚህ ጓንታችሁን በ70 በመቶ አልኮል አርጥቡ፣ በተከፈተ ዕቃ አናት ላይ እጃችሁን አታሳልፉ።

ማታ ዶርም ስትገቡ የቀኑን ሥራ ያልተሳካውንም ጨምራችሁ ጻፉ፤ መጨረሻ ላይ ፕሬዘንቴሽን ካለ የምትሠሩት ከዚያ ነው። ሻንጣ ስትሸክፉ ድፍን ጫማና ረጅም ሱሪ አትርሱ። በነጠላ ጫማ ላብራቶሪ አያስገቡም።