የሥራ ልምድ ወረቀታችሁን ሳታነቡ አትውሰዱ

ሥራ ልትለቁ ያሰባችሁ፣ የሥራ ልምድ ወረቀቱን ተቀብላችሁ ዝም ብላችሁ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 መሠረት እዚያ ላይ መስፈር ያለበት የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ ነው። የሚሰጠውም በነፃ ነው፤ ሥራ ላይ እያላችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ። (የመንግሥት ሠራተኛና የሥራ መሪ ግን በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም።) «በዲሲፕሊን ጉድለት የተሰናበተ» የምትል መስመር ተሰንቅራ ካያችሁ፣ እዚያው የሰው ኃይል ክፍል ሳላችሁ አንቀጹን ጠቅሳችሁ እንድትወጣ ጠይቁ። ፊርማና ማኅተም ካረፈበት በኋላ ማስቀየር ምልልሱ አያድርስ ነው።

ስልኩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አዲሱ ቀጣሪ ደውሎ «እንዴት ሰው ነው?» ሲል የቀድሞ አለቃችሁ ሐሰት ነዝቶ ስማችሁን ካጠፋ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2044 እና ተከታዮቹ ሊጠየቅ ይችላል። ግን ማን ሰማ? የስልክ ወሬ ማስረጃ አይገኝለትም። የሚሻለው ሲቪያችሁ ላይ ስለ እናንተ የሚጠየቀውን ሰው ራሳችሁ መርጣችሁ መጻፍ ነው። የቅርብ ኃላፊያችሁ ከነበረ ይመረጣል፤ ስልኩን ከመስጠታችሁ በፊት ደውላችሁ አስፈቅዱት፣ የምታመለክቱበትንም ቦታ ንገሩት።