ለጉልበት የፒአርፒ መርፌ ከጅማ ስትነሱ

እማዬን ለጉልበቷ ፒአርፒ፣ ማለትም ከራሷ ደም የሚዘጋጅ መርፌ፣ ላስወጋት አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። መወጋት የነበረባት ግን አንድ ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ጉዞ ከንቱ ያስቀረችው አንዲት ዲክሎ (የዲክሎፌናክ ማስታገሻ ክኒን) ናት።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አውቶቡስ ላይ እግር አጥፎ ያን ሁሉ መንገድ መቀመጥ ቅጣት ነው፤ እማዬም ይሄን ስለምታውቅ ማታውኑ ዲክሎዋን ዋጥ አድርጋ ተኛች። ሐኪሙ ጋ ስንደርስ "እማማ፣ በዚህ ሳምንት የወሰዱት ማስታገሻ አለ?" አላት። "ኧረ ምንም! አንዲት ዲክሎ ብቻ ልጄ።" በቃ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ተባልን። ቀጠሮ ሲሰጡን ይሄን የነገረን ሰው ስላልነበረ በጣም ነው የተናደድኩት።

ምክንያቱ ግን ገባኝ። ፒአርፒ ሲሠራ ከራሳችሁ ክንድ ደም ይቀዳል፣ በማሽን በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ከዚያ ፕሌትሌት የበዛበት ክፍል ተለይቶ የታመመው ቦታ ላይ ይወጋል። ፕሌትሌት ስንቆስል ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ነው፤ ጥገና የሚያነሳሱ ንጥረ ነገሮችንም ይለቃል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ይሄንኑ ፕሌትሌት ሥራ ያስፈቱታል። መድኃኒቱ የራሳችሁ ደም ነውና ደሙን ደህና አድርጎ ይዞ መሄድ የእናንተ ሥራ ነው። አንድ ፕሌትሌት በደም ውስጥ የሚቆየው ከ8 እስከ 10 ቀን ስለሆነ ብዙ ሐኪሞች እነዚህን መድኃኒቶች ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዶቹም ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ አቁሙ ይላሉ። ቀኑን ከሐኪማችሁ ጠይቃችሁ ጻፉት። እስከዚያ ሕመሙ ከበረታ ፓራሲታሞል ይቻላል።

ልብ በሉ፣ ለልብ ወይም ለስትሮክ ተብሎ አስፕሪን ወይም ደም ማቅጠኛ የታዘዘለት ሰው በራሱ ውሳኔ አያቁም። ያዘዘውን ሐኪም ይጠይቅ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

የቤቱን መድኃኒት ሁሉ በላስቲክ ሰብስቡና ለሐኪሙ አሳዩ። "ያቺ ቢጫዋ" እያሉ ማስረዳት አይሠራም። በቅርብ ጉልበቷ ላይ የስቴሮይድ መርፌ ተወግታ ከነበረ፣ ስኳር ካለባት፣ ትኩሳት ወይም ቆዳዋ ላይ ቁስል ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ኢንፌክሽን ካለ ቀጠሮው ይተላለፋል፤ መተላለፍም አለበት።

ምግብን በተመለከተ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆድ መሄድ አያስፈልግም። ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ ግን ለሌላ ቀን ይቆይ፣ ቅባት የበዛበት ምግብ የተቀዳውን ደም ያደፈርሰዋል። ውኃ ከዋዜማው ጀምሮ በደንብ ጠጡ፤ ሰውነት ሲደርቅ ደም ሥር ይጠፋና ነርሷ አንዱን ክንድ ትታ ሌላውን ስትወጋ ትውላለች። ረመዳን ወይም ጾም ላይ ከዋለ ቀጠሮውን ማዘዋወር ይቀላል። ጅማ ተቀምጬ ቡና ተዉ አልልም፣ ውኃ ጨምሩበት እንጂ። ጫቱ ግን ይቅር። እንቅልፍ ይነሳል፣ ግፊትም ከፍ ያደርጋል።

ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ታይታችሁ ራጅ ብትይዙ ጥሩ ነው። ጉልበቱ በጣም ካለቀ ፒአርፒ ብዙ አይረዳም። ያን ያህል ካልተጎዳም ቢሆን ዋስትና የለውም፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ አውስትራሊያ ውስጥ 288 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ከዓመት በኋላ ሲታይ መርፌው መድኃኒት ከሌለበት የጨው ውኃ መርፌ የተለየ ጉልህ ለውጥ አላመጣም። ተሻለን የሚሉ ሰዎችም፣ ጥሩ ውጤት ያሳዩ ሌሎች ጥናቶችም አሉ። እኛ ይሄን እያወቅን ነው የገባነው። ስንት ጊዜ እንደምትወጋ፣ ክፍያው የስንት መርፌ እንደሆነ፣ መርፌው በአልትራሳውንድ እየታየ ይሁን አይሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። በ"ስቴም ሴል" አዲስ ጉልበት እናበቅላለን የሚል ካጋጠማችሁ ግን ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ቤቱንም አዘጋጁ። መርፌው ከገባ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ያብጣል፣ ያማል፣ እና ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ ፈተና ነው። እኛ ፕላስቲክ ወንበር መሐሉን ቀደን ሽንት ቤት አስገባን። አያምርም፣ ግን ይሠራል። ለሶላትም ለቅዳሴም ወንበር ይዘጋጅ። በዚያው ቀን ጅማ ለመመለስ አትሞክሩ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ እደሩ። ስትመለሱም መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዳችሁ ትንሽ ተራመዱ። ጎረቤት "ወጌሻ ይሽልሽ" ሲል አመስግናችሁ እለፉት። ትኩሳት ከመጣ፣ ጉልበቱ ከቀላና ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት። ከመርፌው በኋላም ዲክሎ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አይነካም።

በሁለተኛው ጉዞ ከመነሳታችን በፊት የእማዬን ሻንጣ ፈተሽኩ። ምንም የለም። ደስ ብሎኝ ልንወጣ ስንል የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠሮ አየሁ፤ ስፈታው ሁለት ፍሬ ዲክሎ። "ለመንገድ ነው" አለችኝ።