የዶሮ ቤት በብርድ ወቅት
በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ሲወርድ ብዙዎቻችን የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅና በማዳበሪያ ከረጢት እንጠቀጥቃለን። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ! ዶሮን ከደረቅ ብርድ ይልቅ እርጥበት ነው የሚጎዳት። ከትንፋሿና ከኩሷ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ካጣ ቤቱ ይታፈናል፤ ሳልና ማስነጠስ ይከተላል። ከታች በኩል ነፋሱን ዝጉ። ከጣሪያው ሥር ግን ክፍት ቦታ ተዉ፤ ሽልምጥማጥ እንዳይገባ በሽቦ ወንፊት ሸፍኑት። ወለሉ ላይ የገብስ ገለባ ወፈር አድርጋችሁ ጎዝጉዙ። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ከመጣ ገለባው ረጥቧል፤ በዚያው ቀን ቀይሩት። የወጣውን አብላሉትና ለጓሮ ጎመን አድርጉት። ውሃው በረዶ ሠርቶ ካደረ ደግሞ ለብ ያለ ስጧቸው፤ ውሃ ያጣች ዶሮ እንቁላል መጣል ታቆማለች።