ውል አፍራሿ እኔ ሆኜ ተገኘሁ

ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። ከቢሮ ወጥቼ በግሌ የያዝኩት የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ቡና ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ አሽጎ ለሚሸጥ ሰው ነበር። ሎጎና ሦስት መጠን ያለው ማሸጊያ፣ በ18,000 ብር። ውላችን ግማሽ ገጽ አይሞላም፦ «ቀብድ 9,000 ብር ተቀብያለሁ፤ ቀሪው ሥራው ሲያልቅ ይከፈላል።» ፈረምን፣ ማኪያቶ ጠጣን፣ ሂሳቡን እሱ ከፈለ።

አሥራ አንደኛው ማስተካከያ ላይ «ቡናማው ትንሽ ቢፈካስ?» አለኝ። ትዕግሥቴ አለቀ። በቴሌግራም «ውሉን አፍርሰሃል፣ ከዚህ በኋላ አልሠራም» ብዬ ላክሁለት። ማታ ወረቀቱን ጠበቃ ለሆነው ለአክስቴ ልጅ አሳየሁት። ሁለቴ አነበበውና «እሱ ምኑን አፈረሰ? ያፈረስሽውስ አንቺ ነሽ» አለኝ።

ማስተካከያ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልተጻፈም። ሥራው አለቀ የሚባለው መቼ እንደሆነም አልተጻፈም። ስለዚህ እሱ የጣሰው ቃል የለም። እኔ ግን ሥራ ልጨርስ ፈርሜ «አልሠራም» ብያለሁ፣ ያውም በጽሑፍ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ «ቀብድ» የምትለዋ ቃል ናት። እኔ ቅድመ ክፍያ ማለቴ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ለቀብድ የራሱ ደንብ አለው። በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል (አንቀጽ 1885)። 9,000 ተቀብዬ 18,000 ልመልስ ማለት ነው። አሁን «ቅድመ ክፍያ» ብዬ ነው የምጽፈው። ውሉ ቢቋረጥ ከዚያ ገንዘብ የቱ እንደሚመለስ፣ የቱ እንደሚቀርም አብሬ እጽፋለሁ።

እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት «ሲያልቅ» የሚለውን ቃል ፈልጉና በቀን ተኩት። የእኔ አሁን እንዲህ ይላል፦ «የመጨረሻው ፋይል ከተላከ በኋላ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ የተሰጠ አስተያየት ከሌለ፣ ደንበኛው ሥራውን እንደተረከበ ይቆጠራል።» ቀጥሎ፦ «ዋጋው 3 ዙር ማስተካከያን ያካትታል፤ ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ዙር 1,000 ብር ያስከፍላል።» ዙር ምን ማለት እንደሆነም ጻፉ። ለእኔ በአንድ መልእክት ተጠቃሎ የመጣ አስተያየት አንድ ዙር ነው። አለበለዚያ ጠዋት ፎንት፣ ከሰዓት ቀለም፣ ማታ ደግሞ ባለቤቱ ያየችው ነገር ይመጣል።

የምንዘገየው ሁሌ እኛ ብቻ አይደለንም። ሰውየው የፓኬቱን ጽሑፍና ባርኮድ ለመላክ ሦስት ሳምንት ቆይቶብኛል። ስለዚህ የማስረከቢያው ቀን የሚቆጠረው ደንበኛው ሁሉንም ነገር ከላከበት ቀን ይሁን። በተለይ ውሉ ላይ የመዘግየት መቀጫ ካለ። መቀጫ ደንበኛው ምንም ጉዳት ባይደርስበትም ሊጠየቅ ይችላል፤ «ለፎርማሊቲ ነው» ሲሏችሁ አትመኑ። ዋጋው ከቫትና ከዊዝሆልዲንግ (ከፋዩ ከክፍያው ላይ ቀንሶ ከሚያስቀረው ግብር) በፊት ይሁን በኋላ፣ ሶርስ ፋይሉም (መልሶ ማስተካከል የሚቻልበት ዋናው ፋይል) ይሰጥ አይሰጥ፣ በአንድ በአንድ መስመር ጨርሱት።

አሁን ደንበኛው ሥራውን ተረክቦ አልከፈለም እንበል። ይሄ ጥሰት ነው። ግን ወዲያው «ውሉ ፈርሷል» አይባልም። ሕጉ በመሠረቱ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ስጡ ይላል (አንቀጽ 1772)። የመክፈያው ቀን ሳይደርስ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ አይቆጠርም። ውሉ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ካለ፣ ወይም ሰውየው ራሱ አልፈጽምም ብሎ ከጻፈ፣ ማስጠንቀቂያው ይቀራል። የእኔን ቴሌግራም አስታውሱ!

ማስጠንቀቂያው ስድብም ልመናም አይኑርበት፦ «በታኅሣሥ 3 ቀን የተረከቡት ሥራ ቀሪ ክፍያ 9,000 ብር ነው። ይህ ጽሑፍ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ10 ቀናት ውስጥ እንዲከፍሉኝ በውላችን መሠረት እጠይቃለሁ።» በቃ። በቴሌግራምም በወረቀትም ላኩት፣ መድረሱን አረጋግጡ፣ ቻቱን አታጥፉ። ቀኑ ካለፈ ውሉ እንዲፈጸም ወይም እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል፣ በዚያ ላይ የጉዳት ካሣ። ለዘገየ ገንዘብ ሕጉ የሚያስበው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። በ9,000 ብር ላይ ሙሉ ዓመት ቢቆይ 810 ብር። ያንን ይዛችሁ ጠበቃ መቅጠሩ ያዋጣ አያዋጣ እናንተው አስሉት፤ እኔ ቅድመ ክፍያውን ከፍ ማድረግ ይሻለኛል።

ሥራና ክህሎት ቢሮ (የድሮው ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ) ሄጄ እከሳለሁ የሚል ሐሳብ ግን ተዉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በራሱ ሙያ ኃላፊነት በክፍያ የሚሠራን ሰው አይመለከትም። የእኛ ነገር የፍትሐ ብሔር ነው።

በማግስቱ ለሰውየው ደወልኩለት። «ትናንት ተናድጄ ነው፣ ይቅርታ» አልኩት። ሳቀ። በዚያችው ግማሽ ገጽ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ዙር ማስተካከያ ብቻ፣ ከዚያ በ5 ቀን ክፍያ ብለን ጻፍንና ሁለታችንም ፈረምን። በአራተኛው ቀን ከፈለኝ። ፓኬቱን አሁን ሰፈራችን ያለው ሱቅ ውስጥ አየዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ቡናማው ትንሽ ቢፈካ ጥሩ ነበር።