ትልቅ ቁጥር ለ7 ይካፈላል? ካልኩሌተር አያስፈልግም
ጣና ላይ በጀልባ ወይም በዓሣ ሥራ ለሰባት ሆናችሁ የምትሠሩ የባሕር ዳር ልጆች፣ ገንዘቡ ያለ ቀሪ ይካፈል እንደሆነ እንዲህ እዩት። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምራችሁ ሦስት ሦስት አሃዝ ቁረጡት። ከዚያ እያፈራረቃችሁ አንዱን ደምሩ፣ ቀጣዩን ቀንሱ። 1,345,260 ብር ከሆነ፦ 260 − 345 + 1 = −84። የመቀነስ ምልክቱን እርሱት። 84 ለ7 ስለሚካፈል ትልቁም ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ 192,180 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ለ11 እና ለ13ም መንገዱ ያው ነው፣ 84 ግን ያለ ቀሪ ለ11ም ለ13ም አይካፈልም፣ ስለዚህ ትልቁም አይካፈልም።

ለምን ይሠራል? በጣም የምወደው ይሄን ነው፦ 7 × 11 × 13 = 1001። 1000 ከዚህ በአንድ ስለሚያንስ ሺዎቹ እንደ −1፣ ሚሊዮኖቹ እንደ +1 ይቆጠራሉ።

ለ3 ወይም ለ9 ከሆነ ግን ይሄን ተዉት፣ አሃዞቹን ደምራችሁ ድምሩ ይካፈል እንደሆነ ማየት ብቻ ይበቃል።