የሰው ህይወት ላይ ፊልም ልትጽፉ ከሆነ እነዚህን ተዉ

ስክሪፕት ማንበብ ስራዬ ነው። በእውነተኛ ሰው ታሪክ ላይ የተጻፈ ሲመጣልኝ ግማሹን ሳልገልጠው አውቀዋለሁ። ሰውየውን ከልባችሁ ስለምትወዱት እንደምትጽፉ ይገባኛል፣ ችግሩም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዛው ላይ ነው። (አመቶቹን የጻፍኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ዘፋኙ መድረክ ሊወጣ ሲል አይኑን ጨፍኖ ልጅነቱን የሚያስታውስበትን መክፈቻ ተዉት። እውነት ቢሆንም ተዉት፣ ሰው ጠግቦታል።

ከልደት እስከ ቀብር አትሂዱ። የ2012ቱ ሊንከን የተባለው ፊልም የያዘው የአሜሪካውን ፕሬዝዳንት የመጨረሻ ጥቂት ወራት ብቻ ነው፣ ባርነትን የሚያስቀረው የህገ መንግስት ማሻሻያ በምክር ቤት እንዲያልፍ ድምፅ ሲለቃቅም፣ ሲለማመጥ፣ ሰዎቹ ለእንደራሴዎች ሹመት ቃል ሲገቡለት። ሙሉ ሰውየው እዛ ውስጥ አለ።

ስለ ሜካፕና ሰው ሰራሽ አፍንጫ አትጨነቁ፣ የእናንተ ስራ አይደለም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ባለታሪኩ ራሱ ያደረገውን ነጥቃችሁ ለሌላ አትስጡ። ሂደን ፊገርስን (2016) ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፣ የናሳዋ የሂሳብ ሰው ካትሪን ጆንሰን ለጥቁሮች የተለየው ሽንት ቤት ለመሄድ ወረቀቷን ታቅፋ በሂል ጫማ ከህንጻ ህንጻ ትሮጣለች፣ ዝናብ ይወርድባታል፣ በኋላ ነጩ አለቃዋ ይመጣና የጥቁር ሴቶች የሚለውን ምልክት ሰባብሮ ያወርደዋል፣ ተመልካቹም ያጨበጭባል። ለማን? ለአለቃው! እውነተኛዋ ካትሪን ግን ምልክት ያልተለጠፈበትን ሽንት ቤት ዝም ብላ ትጠቀም ነበር፣ የነጮች መሆኑን ቆይታ ነው ያወቀችው፣ ቅሬታ ሲነሳም ከምንም ሳትቆጥረው ቀጠለች። ማንም ምንም አልሰበረላትም። ደግሞ ፊልሙ ሩጫውን 1961 ላይ ያስቀምጠዋል፣ የጥቁር ሴቶቹ የተለየ የስራ ክፍል ግን የፈረሰው ናሳ በ1958 ሲመሰረት ነው። ሴትዮዋ እጇን ታጥባ፣ የሚያፈጥባትን ሰው አልፋ ወደ ስሌቷ ስትመለስ ብታሳዩን ከዛ ሁሉ ስብርባሪ አይበልጥም ነበር? ድፍረቱ የሷ ነበር፣ ወስደው ለሌላ ሰጡት። እንዲህ አይነት ሲን በድራፍት ሳገኝ ገጹን አጥፌ ነው የምመልሰው።

ጊዜ ማጠጋጋት ችግር የለውም፣ ሶስት ስብሰባ አንድ አድርጉት፣ ማንም አይጎዳም። በሽታ ማዘዋወር ግን ሌላ ነገር ነው። ቦሂሚያን ራፕሶዲ (2018) ላይ የኩዊን ባንድ ዘፋኝ ፍሬዲ መርኩሪ በኤች አይ ቪ መያዙን ለባንዱ የሚነግረው ከ1985ቱ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት በፊት ልምምድ ላይ ነው፣ ምርመራው ግን የሚነገረው በ1987 ነው። ባንዱም እንደሚታየው ተበትኖ አልነበረም፣ በ1984 አልበም አውጥቶ ቱር ላይ ነበር። ያን የሃያ ደቂቃ ገደማ ኮንሰርት ታላቅ ያደረገው የሰውየው ጉሮሮና ጉልበት ሆኖ ሳለ በበሽታ ማጀብ ለምን አስፈለገ? ደግሞ ሌሎቹ የባንዱ አባላት ፓርቲ ሲደምቅ ሚስቶቻቸውን ይዘው በጊዜ ወደ ቤት የሚገቡ ጨዋዎች ሆነው ነው የቀረቡት። ከነዚህ አባላት ብራያን ሜይና ሮጀር ቴይለር ደግሞ የፊልሙ ስራ ውስጥ ነበሩበት። ባለታሪኩ ሞቶ ጓደኞቹ በህይወት ካሉ ማን መልአክ እንደሆነ፣ ማን እንደተሳሳተ መልሳችሁ እዩት።

ባላንጣ ከሌለ አትፍጠሩ፣ ክህደት ደግሞ በጭራሽ። ዘ ኢሚቴሽን ጌም በሁለተኛው የአለም ጦርነት የጀርመንን ሚስጥራዊ ኮድ ስለፈታው የእንግሊዝ የሂሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ ነው፣ ቱሪንግ አብሮት የሚሰራ የሶቪየት ሰላይ ያውቃል፣ ሰላዩ ግብረሰዶማዊነትህን አወጣለሁ ስላለው ዝም ይላል ይለናል። ሁለቱ ሰዎች የሰሩት በተለያየ ክፍል ነው፣ እንደሚተዋወቁ እንኳን ማስረጃ የለም። የእንግሊዝ መንግስት በ1952 በግብረሰዶም ፈርዶበት ያሰቃየውን ሰው በ2013 ይቅርታ አደረገለት፣ ፊልሙ በ2014 መጥቶ አዲስ ወንጀል ለጠፈበት! የሞተ ሰው ስሜ ጠፋ ብሎ አይከስስም፣ ለዛ ነው እናንተ ልትጠነቀቁለት የሚገባው።

ጎግል አድርጋችሁ ያገኛችሁትን ሁሉ አትዘርግፉ።

መጨረሻ ላይ ጥቁር ስክሪን ላይ የምትደረድሩትን ጽሁፍም ተመልከቱት፣ ዋናው ነገር እዛ ከተጻፈ ፊልሙ ውስጥ መግባት ነበረበት። የቱሪንግ ሞት የተነገረን በጽሁፍ ነው፣ ለሰላዩ የተሰጡት ሲኖች ለዛ ይበቁ ነበር።