አሲድና በረኪና አንድ ሽንት ቤት አይግቡ

ለአረፋ፣ ለመውሊድ፣ ለፋሲካ ወይም መስከረም 21 ለግሸን ማርያም እንግዳ ሲጠበቅ፣ በወሎ ከተሞች ቤቱ ከጓዳ እስከ ደጅ ይታጠባል። በረኪናው፣ ላርጎው፣ ኦሞው፣ የሽንት ቤቱ አሲድ ሁሉም በአንድ ቀን ከመደርደሪያ ይወርዳሉ። ሊፈራ የሚገባውም ይህ ቀን ነው። ለየብቻቸው ሥራቸውን በደህና የሚሠሩ ነገሮች ሲገናኙ መርዝ ይሆናሉ።

ከሁሉ በፊት ውሃ አዘጋጁ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ንጹህ ውሃ ሙሉና ጆግ አጠገቡ አስቀምጡ። ይህ ውሃ ለእጥበት አይነካም፤ የተቀመጠው ለዓይን ነው። በረኪና ወይም አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ፣ የዓይኑን ቆብ ከፍታችሁ ይዛችሁ ለ20 ደቂቃ ያህል ሳታቋርጡ ማጠብ አለባችሁ። በደቂቃ አንድ ሊትር ብታፈሱ ጄሪካኑ ልክ ያን ያህል ያደርሳችኋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጄሪካኑ ሳይሞላ የበረኪናው ክዳን አይከፈት።

ቀጥሎ በርና መስኮት ይከፈት። ደሴ ላይ ብርዱ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ መስኮት መዝጋት የለመድነው ነው፤ የጽዳት ቀን ግን አሮጌ ሹራብ ደርቦ በተከፈተ ቤት መሥራት ይሻላል። የላስቲክ ጓንትና ጣት የሚሸፍን ጫማ አድርጉ። አሲድ የምትጠቀሙ ከሆነ መነጽርም ያስፈልጋል።

የበረኪና ልክ

የቤት በረኪና ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ያለበት ነው፤ የእናንተው ስንት እንደሆነ ማሸጊያው ላይ አንብቡ። 5 በመቶ ከሆነ ለወለል፣ ለጠረጴዛና ለበር እጀታ በ1 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር፣ በ10 ሊትር ባልዲ ደግሞ 200 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ደም፣ ትውከት ወይም የተቅማጥ በሽተኛ የተጠቀመበት ቦታ ሲሆን ጠንከር ይበል፤ አንድ ብርጭቆ በረኪና ለዘጠኝ ብርጭቆ ውሃ። ለመለኪያ ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙና በላዩ «በረኪና» ብላችሁ ጻፉበት። የመለካችሁበት ብርጭቆም ተመልሶ ሻይ አይቀዳበት።

መጀመሪያ ውሃው ባልዲ ውስጥ ይግባ፣ በረኪናው በላዩ ይጨመር፤ እንዲያ ሲሆን ያልቀጠነው በረኪና ፊት ላይ አይረጭም። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። ሙቅ ውሃ የበለጠ የሚያጠራ ይመስላል፣ ነገር ግን በረኪናውን ያፈርሰዋል፤ ትነቱንም ያበዛዋል። የተወለወለው ቦታ ለ10 ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ ይቆይ፤ ወዲያው በጨርቅ ካደረቃችሁት ጀርሙ ሳይሞት ሽታው ብቻ ይቀራል። ምግብ የሚነካው ዕቃ ከዚያ በኋላ በንጹህ ውሃ ይለቅለቅ። ብረት ድስትና አሉሚኒየም በበረኪና አይዘፍዘፍ፣ ይበላዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የአረፋ ወይም የፋሲካ በግ የታረደበት ግቢ ላይ በረኪና በቀጥታ ቢደፋ ኃይሉ ደሙንና ጭቃውን ሲታገል ያልቃል፤ ለጀርሙ የሚተርፍ የለም። መጀመሪያ ደሙን ጥረጉ፣ በኦሞና በውሃ ፈትጉ፣ አጥቡ፤ በረኪናው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ኦሞውንና በረኪናውን አንድ ባልዲ ውስጥ መበጥበጥም አያስፈልግም። ሳሙናው ውስጥ ምን እንደተጨመረ ሁሉን አታውቁም፤ በየተራ መጠቀም ደግሞ ምንም አያጎድልባችሁም።

የተቀጠነ በረኪና ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ያልቀጠነውም ቢሆን ፀሐይና ሙቀት ያደክሙታል። ከደሴ ይልቅ ቆላ በሆኑት በኮምቦልቻ፣ በባቲና በከሚሴ ትንሽ ትንሽ እየገዙ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። ለመጠጥ ውሃ የሚሆነው እንደ ውሃ አጋር ለዚያው የተዘጋጀው ብቻ ነው፤ ሽታ ያለው የቤት በረኪና እንስራ ውስጥ አይግባ።

እጅ ላይ ሲነካ የሚያሙለጨልጨው በረኪናው ከቆዳችሁ ቅባት ጋር እየተዋሃደ ስለሆነ ነው። ማሙለጭለጩ እስኪጠፋ ድረስ በብዙ ውሃ ታጠቡ።

አሲዱ

የሽንት ቤት አሲድ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ቢጫ አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ ጉሮሮ የሚያንቅ፣ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው፤ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለል ላይ ይተኛል። ቁጢጥ ተብሎ በሚቀመጡበት ሽንት ቤት ውስጥ ፊታችን ወለሉ አጠገብ ነው፤ ወለል ለወለል የሚድኸው ሕፃን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ቅርብ ነው።

ይህ የሚሆነው አንድ ሰው ሁለቱን ሲቀላቅል ብቻ አይደለም። አራት አምስት ተከራይ በአንድ ሽንት ቤት በሚጠቀምበት ግቢ፣ አንዷ ጠዋት አሲድ አፍስሳ «ትንሽ ይቆይበት» ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ሌላዋ ከሰዓት መጥታ ሽታውን ለማጥፋት በረኪና ትደፋበታለች። ሁለቱም ያጠፉት የለም፤ አልተነጋገሩም እንጂ። ስለዚህ ግቢው ይስማማ፤ ወይ አሲድ ይቅር፣ ወይ የአሲድ ቀንና የበረኪና ቀን ይለይ። አሲድ ያፈሰሰች ሰው አጥባ ሳትጨርስ አትሂድ። አሲዱ ገና እየሠራ ከሆነ በሩ ላይ «አሲድ አለ» የሚል ወረቀት ይንጠልጠል። በመካከሉ በብዙ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ግዴታ ነው።

አቼቶና ሎሚም አሲድ ናቸው። የበረኪና ሽታ እንዲጠፋ ሎሚ የሚጨምቁበት ሰዎች ጋዙን በእጃቸው እየሠሩት ነው። ሰላጣ በአቼቶ የታጠበበት ሳፋም በውሃ ሳይለቀለቅ በረኪና አይግባበት።

ሽንትም እንዲሁ ነው። የቆየ ሽንት የሚከረፋው አሞኒያ ስላለበት ነው፤ አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ዓይን የሚያስለቅስ፣ የሚያስል ጋዝ ይፈጠራል። ያደረ የልጅ ፖፖ መጀመሪያ ይደፋ፣ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ በኋላ ነው በረኪና የሚያየው። ሽታው የጠናበት ሽንት ቤትም ልክ እንደዚሁ።

አሲዱን ስትጠቀሙ ከላይ አትልቀቁት፤ ከቅርብ፣ ከሳህኑ ጠርዝ ጀምራችሁ በዝግታ አፍሱ፣ እጀታው ረጅም በሆነ ብሩሽ ፈትጉ። ማቅጠን ካስፈለገ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመር እንጂ ውሃ ወደ አሲዱ አይፍሰስ፤ ይሞቅና ይተፋል። የቆርቆሮ ባልዲ አይሆንም፤ አሲዱ ቆርቆሮውን ሲበላ እሳት የሚይዝ ሃይድሮጅን ይወጣል። ሲሚንቶና እብነ በረድም በአሲድ ይበላሉ።

ጋዝ ሸቶ ጉሮሮ ከያዘ ባልዲውን ለመድፋት አትታገሉ። ትታችሁ ውጡ፣ ልጆችን አውጡ፣ ነፋስ ከሚመጣበት በኩል ቁሙ። ሳሉ ወይም የደረት መጥበቡ ካልተወ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ሳንባ ውሃ የሚቋጥረው ሰዓታት ቆይቶ ሊሆን ስለሚችል «አሁን ተሽሎኛል» ብሎ መተኛት አይገባም።

የሃይላንድ ጠርሙስ

በረኪና፣ አሲድ ወይም ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። የጠማው ልጅ ውሃ መስሎት ያነሳዋል፤ በጨለማ ትልቅ ሰውም ይሳሳታል። ገበያ ላይ በሃይላንድ ከተሸጠላችሁ ቤት ስትገቡ ወዲያው ተገቢ ክዳን ወዳለው፣ የምግብና የመጠጥ ወዳልሆነ ዕቃ ገልብጡት፤ ስሙን በማይለቅ ቀለም ጻፉበት፤ ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ቆልፉበት። አሲዱና በረኪናው አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን አይቀመጡ። ለእርሻ የተገዛ ፀረ ተባይ ደግሞ ለትኋንም ቢሆን መኝታ ቤት አይግባ።

ቡና ሲፈላ ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን ያለበት የወለል ሰም አትቀቡ። ትነቱ ወለል ለወለል ተጉዞ ከሰሉ ጋ ይደርሳል። ሰሙ ደርቆ ሽታው እስኪወጣ ድረስ ረከቦቱ ይቆይ።

ልጅ በረኪና፣ አሲድ ወይም ነጭ ጋዝ ከጠጣ አታስታውኩት። የሚያቃጥለው ነገር ሲመለስ ጉሮሮን ዳግም ያቃጥላል፤ ነጭ ጋዝ ደግሞ ሲያስመልስ ወደ ሳንባ ይገባል፤ የከፋው ጉዳት ያኔ ነው። ጣት ጉሮሮ ውስጥ መክተት፣ ዘይት ማጠጣት፣ በረኪናውን በሎሚ ወይም አሲዱን በሳሙና «ማርከስ» አይረዳም። የጠጣው በረኪና ወይም አሲድ ከሆነ፣ ልጁም ነቅቶ መዋጥ ከቻለ፣ አፉን አጉመጥምጡትና ጥቂት ውሃ በትንሽ በትንሹ አስጎንጩት። ነጭ ጋዝ ከሆነ ግን ወተትም ሆነ ሌላ ነገር አትስጡት። ልብሱ ላይ የፈሰሰበት ካለ አውልቁለት፣ ቆዳውን እጠቡት። ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ የጠጣበትን ጠርሙስ ከነቀሪው ክዳኑን አጥብቃችሁ ያዙ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን፣ ስንት፣ መቼ እንደጠጣ ነው።